ሰማያዊዋን ከዘሯ

እናቴ አልጋዋን ወደ መስኮቱ ያስዞረችው ሰማያዊዋን እያየች ለመዋል ነው። አባቴ አውቶቡስ ሾፌር ሳለ፣ ከአንዱ ጉዞው በወተት ጣሳ ያመጣላትን አይሪስ የተባለች አበባ የምትጠራት እንዲህ እያለች ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ፣ አበባዋ በፈካች ቁጥር ከኔ ይልቅ ከእሷ ጋር ታወራለች። እውነቱን ለመናገር እቀና ነበር።

አንድ ክረምት የመንገዱ የውሃ ቧንቧ ተሰብሮ ግቢያችን ኩሬ ሆኖ ከረመ። ዝንጅብል የሚመስለው ሥሯ በስብሶ አለቀ። የተረፈን አገዳው ጫፍ ላይ የደረቀ፣ ውስጡ ዘሮች የያዘ አንድ ፍሬ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በዕድሜዬ ያበቀልኩት ነገር ቢኖር ሽበት ነው።

ፍሬውን ይዤ ችግኝ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው ዘሩ ብርድ ካላገኘ እንደማይነቃ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ እንዳከርመው፣ አበባ ለማየትም ሁለት ሦስት ዓመት እንደሚፈጅ ነገሩኝ። ልወጣ ስል ግን ጠሩኝ።

«ከዘር የምትወጣው እናቷን ላትመስል ትችላለች፤ ንቧ የየትኛዋን አበባ ዱቄት እንዳመጣች ማን ያውቃል?» አሉኝ።

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ዘሩን ከፍሪጅ አውጥቼ ባልዲ ውስጥ ዘራሁት። ቀጫጭን ቅጠሎች ብቅ ሲሉ እናቴ በመስኮቱ አይታ ተቆጣች፤ ሣር እያበቀልሽ ነው፣ ንቀዪው አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ አይሪስን ሥሯን ከፍላ ስትተክል ኖረች እንጂ ከዘር አብቅላ አታውቅም። እኔም ምን አውቄ፣ እሺ ብዬ ነቀልኩ። የመጨረሻዋን ልነቅል እጄን ስሰድ ነው የተነቀሉት ሥር ላይ የዘሩ ቅርፊት ተጣብቆ ያየሁት። እናቴ ያን ዕለት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች።

ከዚያ ወዲያ ያቺ የተረፈችው የቤቱ ሕፃን ሆነች። የአልጋ ቁራኛ የሆነችውን እናቴን የሚያያት ሐኪም ዓመቱን መጨረሷን ተጠራጠረ። እሷ ግን ሰማያዊዬን ሳላይማ የትም አልሄድም አለች፤ ከርማም አሳየችው።

በሦስተኛው ዓመት እምቡጥ ያዘች። ጫፉ ግን ቢጫ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ፈካች፤ የለየላት ቢጫ። ባልዲውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩላት። እናቴ አየቻት፣ በጣቷም ዳሰሰቻት።

«ቆንጆ ናት» አለች። «የኔዋስ መቼ ነው የምትፈካው?»

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሰማያዊዋ እንደ አባቴ ላትመለስ ሄዳለች። ግን ዐይኗ መልሴን ይጠብቅ ነበር። እስከጠበቀች ድረስ ደግሞ እናት አለችኝ።

«ለከርሞ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

እሺ አለችና ተደገፈች። እኔ የሰማያዊዋን ልጅ፣ ቢጫዋን፣ የማዳቅልበት የሌላ ሰማያዊ አይሪስ ዱቄት ልለምን ወደ ችግኝ ሻጩ ወጣሁ። ከርሞ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ገና ሌላ ሦስት ዓመት እንደሚቀረን አውቃለሁ። መንገዱን ሙሉ ጠብቂኝ፣ እማዬ፣ ጠብቂኝ እያልኩ ሄድኩ።