ካሴቱ የት ይቀመጥ

ከነጋዴው ከሙስጠፋ መጋዘን ዘይት መጥፋት ከጀመረ ወዲህ የመጋዘኑ ኃላፊ ኦኬሎ እንቅልፍ አጥቷል። የተጠረጠረው ዘበኛው ዳክ ነው። ከመርካቶ የመጣው ካሜራ ግን የመጋዘኑን በር ሲቀርጽ ሰንብቷል፤ ካሴቱም ሞልቷል።

«ነገ በጀልባ ወደ ማታር እሄዳለሁ፤ አሁን ለማየት ጊዜ የለኝም» አለ ሙስጠፋ። «ስመለስ አይቼ ዳክን ወይ አሰናብተዋለሁ ወይ ወደ ሥራው እመልሰዋለሁ። እስከዚያ ከቤቱ ይዋል። ካሴቱን የት እንደምታስቀምጠው አንተ ታውቃለህ፤ ብቻ እንዳይጠፋ።»

ኦኬሎ ከመጋዘኑ ሲወጣ የዳክን ሚስት አቻንን በር ላይ ቆማ አገኛት።

«ወንድሜ፣ ዳክ አልሰረቀም። ያ ካሴት ከጠፋ እኛ ጠፋን።»

ካሴቱን በብብቱ ይዞ አለፋት። ከመጋዘኑ የብረት ሣጥን ውስጥ ቢያስቀምጠው፣ ሌላው የቁልፍ ዘለላ ያለው በሙስጠፋ የእህት ልጅ በሀያቱ እጅ ነው፤ ሀያቱ ደግሞ ያገኘው ካሴት ላይ ሁሉ ፊልም ይቀዳበታል። አዲስ አበባ ላለው የሙስጠፋ ወንድም በአውቶቡስ ቢልከው፣ ክረምቱ የጎሬን መንገድ ጭቃ አድርጎታል፤ አውቶቡስ ከተያዘ ካሴት ማን ያስታውሳል? የቀረው ማባዛት ነው፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ለዚህ ሁለት ዴክ ያስፈልጋል፤ በከተማው ሁለት ዴክ ያላት ከይሪያ ብቻ ነች፣ ባለ ቪዲዮ ቤቷ።

«እቀዳልሃለሁ» አለች ከይሪያ። «ግን ያለኝ ቴሌቪዥን አንድ ነው። እየቀዳ በስክሪኑ ይታያል፤ ሰው ደግሞ የህንድ ፊልም እየጠበቀ ነው።»

«በር ብቻ ነው የሚታየው፤ ምን ቸገራቸው?» አለ ኦኬሎ። ድካሙ ነበር የሚናገረው።

ቆርቆሮው በፀሐይ ግሏል። በአግዳሚው የተደረደሩት ወጣቶች የመጋዘኑን በር አፍጥጠው አዩ።

«እትዬ ከይሪያ፣ ይሄ ፊልም ተዋናይ የለውም እንዴ?»

«ዝም በል፣ በሩ ነው ተዋናዩ!»

«ቆይ፣ አሁን ይዘፍናል!»

ኦኬሎ ግድግዳ ተደግፎ ሊያንቀላፋ ሲል ሳቁ ድንገት ተቆረጠ። ቀና አለ። በስክሪኑ ላይ በሩ ተከፍቷል። ሀያቱ በገዛ ቁልፉ ከፍቶ ጀሪካን በጀሪካን እያወጣ ጋሪ ላይ ይጭናል።

«የሙስጠፋ የእህት ልጅ አይደል?» አለ አንዱ፣ በሹክሹክታ።

«ቴሌቪዥኑን አጥፊው!» አለ ኦኬሎ። ከይሪያ አጠፋችው፤ ግን ያየ አይቷል።

ሁለቱን ካሴቶች ታቅፎ ወደ መጋዘኑ ገሰገሰ። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ሙስጠፋ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«ዳክ ነገ ሥራውን ይጀምር» አለ ሳያየው። «በድዬዋለሁ፣ ንገረው። ሀያቱን እኔ እጠይቀዋለሁ፤ የእህቴ ልጅ ነው።» ቀና ብሎ አየውና «አንተ ግን የቤቴን ገመና አደባባይ አወጣኸው» አለ።

«ጋሼ፣ እኔም አላየሁትም ነበር። እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ክፉ ሰው አይደለህም። ግን ከእንግዲህ ፊትህን ባየሁ ቁጥር ያ ቪዲዮ ቤት ነው የሚታየኝ። ቁልፉን አምጣ።»

ኦኬሎ ካሴቶቹን ጆንያው ላይ አስቀመጠ፤ ቁልፉንም አጠገባቸው። ከዚያ በባሮ ዳር ወደ ዳክ ቤት አቀና። ዳክ ገና ከሩቅ ሲያየው ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ምን አለ?»

«ነገ ግባ ብሏል። በድዬዋለሁም ብሏል።»

አቻን እልል ልትል አፏን ከፍታ የኦኬሎን ፊት አየችና ተወችው። ዳክ ግን እጁን ጨብጦ አልለቅ አለ።

«እንግዲያው ጠዋት ና፣ አብረን እንገባለን!»

«አንተ ቅደም» አለ ኦኬሎ። «እኔን አትጠብቀኝ።»