ጋሽ ፍሬን በአየር መርከብ የሄዱ ዕለት

«ጋሽ ፍሬን» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሙያ ጓደኞቻቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሜዳው ከተማ እስከ ተራራው ራስ በከባድ መኪና ጭነት ሲያመላልሱ አንድም ቀን ከመንገድ ወጥተው አያውቁም። ቁልቁለት ላይ ከኋላቸው የተሰለፈው ሁሉ ጡሩምባ እየነፋ ሲረግማቸው፣ እሳቸው እግራቸውን ከፍሬን ሳያነሱ፣ «የቸኮለ ይለፍ! እኔ እራቴን የምበላው ቤቴ ነው» ይሉ ነበር።

እንዲህ ያሉ ጥንቁቅ ሰው የበኩር ልጃቸውን ያጡት በዚያው መንገድ ነው። ልጁ የአባቱን ሙያ ወረሰ እንጂ የአባቱን እግር አልወረሰም። ሾፌሮች «ክርን» የሚሉት ኩርባ አለ፤ መንገዱ እንደታጠፈ ክንድ ድንገት የሚሰበርበት። አንድ ጭጋጋማ ጠዋት እዚያ ላይ ከነመኪናው ገደል ገባ። አስከሬኑን ገመድ የታጠቁ ሰዎች ጎትተው አወጡት፤ መኪናው ግን እዚያው ቀረ። ከመንገዱ ዳር ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ጭጋግና ቁጥቋጦ እንጂ ሌላ አይታየውም። ጋሽ ፍሬን ከዚያም በኋላ በዚያው መንገድ መንዳታቸውን አልተዉም። ክርኑ ጋ ሲደርሱ መኪናቸውን አቁመው ይወርዳሉ፤ ቁልቁል ያያሉ፤ ምንም አይታያቸውም፤ ተመልሰው ይሳፈራሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንዲሁ ነበር።

ሴቷ ልጃቸው አብራሪ ሆነች። በመጀመሪያ ትንንሽ አውሮፕላን አበረረች፤ ኋላ አንድ ኩባንያ አዲሶቹን የአየር መርከቦች ሲያስመጣ ካፒቴን አድርጎ ቀጠራት። መርከቧ እንደ ኳስ ሜዳ የረዘመች፣ ሆዷ በሂሊየም የተነፋ፣ የጭነትና የመንገደኛ ክፍሏ ከሥሯ የተለጠፈ ነጭ ግዙፍ ነገር ናት። ማኮብኮቢያ አትፈልግም፤ ነዳጅም ብዙ አትጠጣም። አውሮፕላን የማያርፍበት፣ መኪና የማይደርስበት ቦታ፣ ብዙ መኪና የሚሸከመውን ይዛ ዝቅ ትላለች። ጠላቷ ነፋስ ነው። ከኋላ ሲገፋት እየተንሳፈፈች ትሄዳለች፤ ከፊት ሲመጣባት ግን እንደ ግትር በቅሎ ባለችበት ትገተራለች።

ጋሽ ፍሬን መርከቧን «ፊኛ» ከማለት ሌላ ስም ሰጥተዋት አያውቁም። ልጃቸው ለዕረፍት ወደ ተራራው ከተማ ስትመጣ በር ላይ ይቀበሏትና፣ «እንዴት ነሽ የፊኛ ሾፌር! ዛሬስ በመርፌ የሚወጋት ሰው ሳይገጥማችሁ ደረሳችሁ?» ይሏታል። እሷም ትስቃለች።

አንድ ምሽት ግን እራት ላይ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ኩባንያው ወደ ተራራው ቋሚ በረራ ሊጀምር ማሰቡን ስትናገር አባቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ሲሚንቶውንም ልትጭኑ?»

«ሲሚንቶውንም፣ እህሉንም፣ ሰዉንም። አባዬ፣ ዓለም ወደዚያ እየሄደ ነው። ተራራ ከመቆፈር በላዩ ማለፍ ይረክሳል።»

«ይርከስ! መንገድ እኮ ዕቃ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። ጎማ የሚለጥፍ አለ፣ ሻይ የምታፈላ አለች፣ አልጋ የሚያከራይ አለ። ስንት ሰው ነው በመንገድ የሚኖረው! ያንቺ ፊኛ ሁሉንም ከላይ እያየች ታልፋለች። ወርዳ ሻይ አትጠጣ፣ ጎማ አታስለጥፍ...»

«ገደልም አትገባ» አለች ልጅቱ።

የተናገረችውን የሰማችው ካፏ ከወጣ በኋላ ነው። እናቷ ሰው በልቶ ሳይጨርስ ሳህን ማንሳት ጀመሩ። አባቷ ተነስተው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ሲገናኙ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብና ስለ ጎረቤት ያወራሉ እንጂ ስለ መርከብም ስለ መንገድም አንስተው አያውቁም።

በተከታዩ ክረምት ዝናቡ አላባራ አለ። ከተራራው ወገብ የተናደው አፈር መንገዱን እንደ ክር በጠሰው። በዚያው ሰሞን ጋሽ ፍሬን ደረታቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ወደቁ። የጤና ጣቢያው ነርስ መርምሮ፣ «የልባቸው ደም ሥር ተዘግቷል። እኔ ጋ ያለው መድኃኒት ጥቂት ቀን ይገፋል እንጂ አያድንም። ሜዳው ከተማ ሆስፒታል መግባት አለባቸው» አለ። መንገድ የለም። ያለው ሄሊኮፕተርም ጎርፍ የከበባቸውን ሰዎች ሊያወጣ ሌላ ቦታ ሄዷል። እናትየው ለልጃቸው ደወሉ፤ ካፒቴኗም ለተራራው ከተማ ሌላ ቀን ልታደርሰው የነበረውን ዱቄትና የመብራት ትራንስፎርመር አስጭና በማግስቱ ጠዋት ደረሰች።

ያረፈችው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ነው። ከባዱ ዕቃ ሲወርድ መርከቧ ትቀላለች፤ የቀለለች መርከብ ደግሞ ሰማይ ይወስዳታል። ስለዚህ በወረደው ክብደት ልክ ውሃ መሞላት ነበረበት። የከተማው ሰው የእሳት አደጋ ቱቦ እየጎተተ ሲሯሯጥ፣ መንገዱ ተዘግቶባቸው ሥራ የፈቱ ሾፌሮች ጋሽ ፍሬንን በጤና ጣቢያው የብረት አልጋ ላይ ተሸክመው መጡ። በሽተኛው ቀና ብለው ከላያቸው የተጋረደውን ነጭ ሆድ ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ፍሬን አላት?» ሲሉ ጠየቁ።

«የላትም አባዬ።»

«በቃ፣ አለቀልኝ» አሉ፤ የተሸከሟቸው ሾፌሮች ሳቁ። ልጃቸውም ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

አልጋቸው ከካፒቴኗ ወንበር ጀርባ፣ ከትልቁ መስኮት አጠገብ ታሰረ። ነርሱ ከራስጌያቸው፣ እናትየው ከግርጌያቸው ተቀመጡ። ረዳት አብራሪው ማሰሪያው እንዲፈታ ምልክት ሰጠ። ጥቂት እንደቆዩ ጋሽ ፍሬን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሞተሩን አስነሺው እንጂ!»

«ከተነሳን እኮ ቆየን አባዬ።»

አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቤቶቹ ከታች እንደ ክብሪት ቀፎ ተደርድረዋል። የትምህርት ቤቱ ሜዳ መሀረብ አክሏል። ከዚያ ወዲያ ተራራውን እየተጠመጠመ የሚወርድ ቀጭን ቡናማ ነገር አዩ፤ አለፍ ብሎ ይቆረጣል፣ ወረድ ብሎ ደግሞ ይቀጥላል።

«ያ ምንድን ነው?»

«መንገዱ ነው።»

«ያ ሁሉ መንገድ... ይህቺ ናት?» አሉ። ድምፃቸው ላይ ቅሬታም ኩራትም አልነበረም፤ የተታለለ ሰው ድምፅ ነበር። «ጀርባዬን የጨረሰችው ይህቺ ናት?»

ከዚያ መንገዱን በዓይናቸው እየተከተሉ ቁልቁል ወረዱ። ነርሱ የደም ግፊታቸውን እየለካ ከንፈሩን ይነክሳል። ካፒቴኗ የጀርባዋን ቆዳ ሁሉ ጆሮ አድርጋ ትነዳለች።

«ክርኑ በየት በኩል ነው?» አሉ አባቷ።

«በስተግራ፣ ከሸንተረሩ ጀርባ ነው። ከዚህ አይታይም።»

«አንቺ አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ።»

«መኪናውንስ?»

«መኪናውንም። ጋቢናው መሀል ዛፍ በቅሎበታል።»

«ዛፍ» አሉ። ለመተንፈስ ትንሽ ቆዩ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተኳርፈን ነበራ፣ አባዬ። ስለ መርከቧ ሳላወራ እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

«እውነትሽን ነው።» እጃቸውን ዘርግተው የወንበሯን ጀርባ ያዙ። «አሳዪኝ። ስንት ጊዜ ቆሜ አየሁ፤ አንድም ቀን አልታየኝ። የት ጋ እንዳረፈ ልየውና ከዚያ ወደፈለግሽበት ውሰጂኝ።»

ረዳት አብራሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሸንተረሩን ዞረን ብናልፍ ብዙም አያዘገየንም» አለ። ነርሱ ግን የበሽተኛውን የጠቆረ ጥፍር እያየ ራሱን ነቀነቀ። ካፒቴኗ መለኪያዎቿን አየች። ከሜዳው ከተማ በኩል ነፋስ መነሳት ጀምሯል፤ ፀሐይ በጨመረች ቁጥር እሱም ይጨምራል። አሁን የባከነች ደቂቃ ኋላ ብዙ ሆና እንደምትከፈል ታውቃለች። አባቷን ማዳን ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

«ስንመለስ አሳይሃለሁ። ድነህ ስትመለስ፣ እስኪበቃህ ድረስ ዝቅ ብዬ አሳይሃለሁ።»

ጋሽ ፍሬን እጃቸውን ከወንበሯ አነሱ።

«እሺ» አሉ። «መሪው በእጅሽ ነው። ሾፌርን መንገድ አያዙትም።»

በሕይወቷ ሙሉ ስትጓጓለት የኖረችው ቃል ይህ ነበር፤ ያለፊኛ፣ ያለቀልድ፣ እንዲሁ ሾፌር መባል። ሰምታው ግን ደስ አላላትም። ቀጥታ ወደ ሜዳው ከተማ ነዳች።

ከተማው ሲታይ ነፋሱ ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። ከሆስፒታሉ አጠገብ ባለው ማረፊያ፣ በማሰሪያው ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለው የነፋስ መለኪያ ከረጢት እንደ ክንድ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። ከታች በሬዲዮ፣ «ማሰር አይቻልም፤ ጋብ እስኪል ዙሪ» አሏት። ዞረች። ለመውረድ ሞከረች፤ ነፋሱ የመርከቧን አፍንጫ ጠምዝዞ መለሳት። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ መለሳት። አምቡላንሱ በሩን ከፍቶ ሲጠብቅ ታየዋለች። ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች አንጋጠው ሲያዩ ታያቸዋለች። የሆስፒታሉን መስኮቶች መቁጠር ትችል ነበር፤ መውረድ ግን አልቻለችም።

ከጀርባዋ ነርሱ ሲነሳ ሰማች። ደረት የመጫን ድምፅ፣ የአልጋው ብረት ሲንቋቋ፣ የነርሱ ትንፋሽ። ቆየ፤ ቆየና ቆመ። እናቷ፣ ሰፈሩም ሾፌሩም የረሳውን የባላቸውን እውነተኛ ስም፣ ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ ጠሩ።

«ካፒቴን» አለ ነርሱ።

«ሰምቻለሁ» አለች።

ረዳት አብራሪው መሪውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። እምቢ አለችው። በእንደዚያ ዓይነት ነፋስ መሪ ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም። ልቅሶ እጅ ይፈልጋል፤ የሷ እጅ ደግሞ ሥራ ላይ ነበር። መዞሯን ቀጠለች። ነፋሱ ጋብ ያለው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው፤ ያኔ ላባ በማይጎዳ እርጋታ አወረደቻቸው። አምቡላንሱ ያለ ጩኸት ሄደ።

ሜዳው ከተማ ከተቀበሩ በኋላ፣ መንገዱ ሲቆረጥ ከታች በኩል የቀሩት የሾፌር ጓደኞቻቸው ለማጽናናት መጡ። መንገዱ ዳግም እንደማይሠራና ኩባንያው ሁለተኛ መርከብ ማዘዙን ሰምተው ነበር። ስለ ጋሽ ፍሬን እያወሩ ሳቁ፣ አለቀሱ። ሲወጡ ከመካከላቸው ሽበታሙ ካፒቴኗን ወደ ጥግ ወሰዳትና በሀፍረት አንገቱን ደፍቶ፣ «እዚያ መርከባችሁ ላይ ጭነት የሚያወርድ ሰው አትፈልጉም?» አላት። «እጠይቅልሃለሁ» አለችው። ከኩባንያው ቢሮም አንድ ባለ ክራቫት መጥቶ፣ አባቷ በአየር መርከብ የተጓጓዙ የመጀመሪያው ታማሚ ስለሆኑ ፎቶግራፋቸውን ለማስታወቂያ ብንጠቀምስ ብሎ ጠየቃት። በሩን አሳየችው።

እናቷ ከሷ ጋር ሜዳው ከተማ ቀሩ። አንድ ማታ የሟቹን ሸሚዞች አብረው ሲያጥፉ ካፒቴኗ በሆዷ የያዘችውን አወጣችው።

«እማዬ፣ ላሳየው ይገባኝ ነበር። ደርሼም አላዳንኩት፤ ለምኖኝም ከለከልኩት።»

እናቷ የያዙትን ሸሚዝ ኮሌታ በመዳፋቸው ደጋግመው አለሰለሱት።

«ለእሱ ይገባሽ ነበር» አሉ። «አልዋሽሽም። እኔ ግን ያኔ አልጋው ጫፍ ላይ ሆኜ 'ወደዚያ እንዳትዞር፣ እባክህ አምላኬ እንዳትዞር' እያልኩ እለምን ነበር። እኔ ያን ገደል ማየት አልፈልግም። ዛፍ በቅሎበታል ማለትሽን እንኳ ባልሰማሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«እሱ ሲለምን እኔ እንዴት ልናገር? ለሁለታችን የሚሆን መንገድ አልነበረሽም፣ ልጄ።»

ይህ ሸክሟን ያቅልላት ወይም ይጨምርባት ካፒቴኗ ለራሷም አልገባትም። ሸሚዞቹን አጥፈው ጨረሱ።

«ነገ ትበሪያለሽ?» አሉ እናቷ።

«ወደ ላይ ነኝ። ዱቄት ነው።»

«እንግዲያው ቤቱን ክፈቺና አየር አስገቢበት። በዚህ ዝናብ ፍራሹ ይሻግታል።»

በማግስቱ ዕቃው ሲወርድ፣ ውሃው ሲሞላ፣ ሥራውን ለረዳቷ ትታ ወደ ወላጆቿ ቤት ወጣች። መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች፤ ፍራሹን አነሳችና ከግድግዳው ጋር አቆመችው። ከዚያ ባዶው አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና፣ አባቷ ከሞቱ ጀምሮ ያላለቀሰችውን፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ጎረቤት ሰምቶ ይሆናል፤ የመጣ ግን አልነበረም። ስልኳ ጮኸ። ውሃው ሞልቷል፣ ከሜዳው ከተማ በኩልም ነፋስ እየተነሳ ነው አላት ረዳቷ።

«መጣሁ» አለች። ፍራሹን ወደ ቦታው መለሰች፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋች፣ ፊቷን ታጥባ ወረደች።