ብርድ ያሳደገው ወይን

«ሐሙስ ጠዋት መኪናው ይመጣል» አለ ታላቅየው፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ እንዳስደገፈ። «ወይኑን ለቅመን ለወይን ገበሬዎች ማኅበር እናስረክባለን። ከቆላው ወይን ጋር ይቀላቅሉታል፤ በዚያው ያልቃል።»

እናቱ ከተቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ግድግዳውን ታክከው በተደረደሩት ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቋርጠው ጆሮ ሰጡ። ታላቅየው በቆላው ከተማ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሚያፈስ ነገር ሲያይ ሳይደፍን አያድርም፤ የእናቱንም ቤት ጉዳይ የጀመረው እንደዚያው ነበር።

ምራቲቱ የሻይ ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ገና ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ወይኑ። አልደረሰም፣ ጋሼ።»

እንድትናገር የጠበቀ ሰው አልነበረም። የታናሽየው ሚስት ናት፤ እዚህ ቤት ስትኖር አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከአማቷ ጋር እሳትና ጭድ እንደሆኑ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በዚያው ቀን ጠዋት እንኳ የሟቿ ባል እኅት፣ ቤተሰቡ እትዬ የሚሏቸው፣ ከበሩ ጀርባ ለጎረቤታቸው ሲያንሾካሹኩ ሰምታቸዋለች። «እንባ እንኳ ጠብ አላላትም። ምን ታድርግ፣ ተገላገለች።»

ታላቅየው ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። «ሬዲዮኑ ለሳምንቱ መጨረሻ ዝናብ ብሏል። ማኅበሩ ደግሞ ከሐሙስ ወዲያ አይቀበልም። ዝናቡ ካገኘው በቆመበት ይበሰብሳል።»

«አውቃለሁ።»

«ከበሰበሰስ ማን ይጠየቃል?»

«እኔ።»

ባሏ ፖስታ አዳይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደጅ እያንኳኳ ውሎ ቤቱ ሲገባ አፉን የማይከፍት ዓይነት ሰው። ወንድሙንም ሚስቱንም ተራ በተራ አየና፣ «እሷ ታውቃለች» አለ።

«የምታውቀው እናቴ ነበረች» አለ ታላቅየው። «እሷ ደግሞ የለችም።»

ሟቿን መንደሩ የሚጠራቸው «እማማ ቆዩ» እያለ ነበር። መከር በመጣ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ሳጥኑን ይዞ ሲወጣ እሳቸው እጃቸውን ኋላ አጣምረው ተዳፋቱ ላይ ይንጎራደዳሉ፤ «መቼ ነው የሚለቀመው?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ቆዩ»። ኮረብታው ብርዳም ነው። ጠዋት ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይነሳም፤ በጋው ሞቀ ሲባል ያልቃል። ሌላው ሰው ተስፋ ቆርጦ ድንች ከተከለ ቆይቷል። የእሳቸው ወይን ግን እዚያው ብርድ ውስጥ ቀስ እያለ ይበስላል፤ ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ስስ። ጠጁም እንደ ቆላው ቀይ ወይን ጠጅ የጠቆረና የወፈረ አይደለም። ብርጭቆው ከብርሃን ፊት ቢያዝ ከኋላው ያለ ጋዜጣ ይነበባል። ወፍራምና ጣፋጭ የለመደ ሰው በመጀመሪያው ጉንጭ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ይጎመዝዘዋል፤ ምላሱን ጫን ብሎ ይይዘዋል። በሁለተኛው ዝም ይላል። በሦስተኛው ሳያስበው ብርጭቆውን ያቀርባል።

ምራቲቱ ከቆላው ሜዳ ነው የመጣችው። በመጀመሪያው ዓመቷ፣ ሁለት ሹራብ ደርባ እየተንቀጠቀጠች፣ አማቷ ሦስት ፍሬ መዳፏ ላይ አኖሩላት። በላችና ዘሩን ተፋችው።

«ምን አደረግሽ?» አሏት።

«ዘሩን ተፋሁት።»

«የሚናገረው እኮ እሱ ነው። ስኳሩ ይዋሻል። ሁለት ቀን ፀሐይ ካገኘ ደረስኩ ይልሻል። ዘሩን አኝኪው።»

አኘከችው። መረራት፤ ምላሷ ተኮማተረ።

«ምን አለሽ?»

«መራራ ነው።»

«አረንጓዴ ነዋ። ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ተቆላ ነገር ቀጭ ሲል ነው የሚለቀመው።» ከዚያ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና፣ «አንቺም ገና ነሽ» ብለዋት ሄዱ።

ያን ለት ማታ ለባሏ፣ ጥርሳቸው ውስጥ ገብቻለሁ አለችው። በየዓመቱ ፍሬ ይሰጧታል፤ ታኝካለች፤ ትናገራለች። በየዓመቱ ወይ «ቸኮልሽ» ወይ «ዘገየሽ» ነው መልሱ። አንዴ ተናዳ ፍሬውን መሬት ላይ ጥላባቸው ነበር። ጎንበስ ብለው አነሡና በቀሚሳቸው ጠርገው መልሰው ሰጧት። አምና ግን ዘሩን አኝካ «ነገ» ስትል፣ አማቷ መልስ ሳይሰጡ ወደ ቤት ገቡ። በማግስቱ ተለቀመ። እሳቸውም በልባቸው ነገ ብለው ይሆናል፤ ገጠመ ብላ አለፈችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ቀማሽ ሊያጽናኑ መጡ። ወይን ጠጅ እየቀመሱ ዋጋ ሲቆርጡ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ኮታቸውን እንደለበሱ ከታላቅየው አጠገብ ተቀመጡ። ታላቅየው አጋጣሚውን አላሳለፈም።

«አባባ፣ እርስዎ ይፍረዱን። ይህ ወይን ነገ ቢለቀም አይሻልም?»

«እኔ በዚህ ቤት ወይን ላይ አንዴ ፈርጄ አፍሬያለሁ» አሉ ሽማግሌው። «የዛሬ ሃያ ዓመት፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ቀምሼ ‹ቀለም የነካው ውሃ ነው› አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እናትህ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። አንድ ጠርሙስ ሰጡኝና ‹ዘጠኝ ዓመት አይክፈቱት› አሉኝ። እኔም ረሳሁት። ቤት ስንቀይር ከዕቃ ሥር ወጣ። ከፈትኩት።»

«እሺ?»

«ዝናብ የመታው የጫካ ቅጠል ሸተተኝ። ከዚያ እንጆሪ፤ በመጨረሻ ቁንዶ በርበሬ። ጉምዛዜው አልጠፋም፣ ግን አከርካሪ ሆኖታል፤ ሌላው ነገር ሁሉ የቆመው በሱ ላይ ነው። የቆላውን ወይን በዚያ ዕድሜው ብትከፍተው ሽሮፕ ነው። ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ በራሴ ሳቅሁ።»

ምራቲቱ የባዶ ብርጭቆ ትሪ ይዛ ልትወጣ ስትል ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት።

«አንቺ ነሽ ምራታቸው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«አምና ከመከር በኋላ ቢሮዬ መጥተው ነበር። ‹ዘንድሮ የለቀምነው ምራቴ ባለችው ቀን ነው› አሉኝ። ‹እርስዎስ መቼ ብለው ነበር?› ብላቸው፣ ‹እኔማ ሦስት ቀን ቀድሜ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። የእኔ ምላስ አርጅቷል፣ የእሷ አልፎኛል› አሉኝ። ‹ይህን ነግረዋታል?› አልኳቸው።» ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዟዟሩት። «‹ቆዩ› አሉኝ።»

እትዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ምራቲቱ ትሪውን ይዛ ወጥ ቤት ገባች፤ መታጠቢያው ላይ አስቀመጠችው፤ ውሃውን ከፈተችና፣ ድምፁ እንዲሸፍናት፣ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ተመልሳ ስትመጣ ታላቅየው ደጅ ቆሞ ስልክ ይደውል ነበር። መኪናው እንዳይመጣ እየነገረ ነው።

ሐሙስ አካፋ። ዶፍ አልነበረም፤ እንደ ወንፊት የሚያወርድ ካፊያ ነው፣ ግን ለስስ ቆዳ እሱም ይበቃል። እትዬ በመስኮት እያዩ፣ «በይ፣ ያዘዝሽው መጣልሽ» አሉ፤ እንደ መቆጣትም፣ እንደ ማዘንም አድርገው። ምራቲቱ የዝናብ ልብስ ደርባ ወጣች። ከእያንዳንዱ ዘለላ ዙሪያ ቅጠሉን እየገነጠለች ትጥል ጀመር፤ ነፋስ ገብቶ ፍሬውን እንዲያደርቀው ነው። ባሏ የፖስታ ቤቱን ካፖርት እንደለበሰ በሁለተኛው መደዳ ገባ። ጥቂት ቆይቶ በሦስተኛው መደዳ ሌላ ሰው ሲያስል ሰማች። ታላቅየው ነበር።

«የቱን ነው የምገነጥለው?» አላት።

«ፍሬውን የሸፈነውን ብቻ። የላዩን ተወው፤ ጣሪያው ነው።»

እስኪመሽ ድረስ ቅጠል ሲገነጥሉ ዋሉ። ሲገቡ ካፊያው አቁሞ ከተራራው ደረቅ ነፋስ ይነፍስ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ብቻዋን ወጣች። ከላይኛው መደዳ አንድ፣ ከመካከለኛው አንድ፣ ጭጋጉ ከሚተኛበት ከታችኛው አንድ ፍሬ ቀጠፈች። ሥጋውን ዋጠች፤ ዘሩን በጥርሷ ያዘች። ቀጭ አለ። ሁለተኛው ቀጭ አለ። ሦስተኛውን ከመንከሷ በፊት ዓይኗን ጨፈነች። ቀጭ አለና አፏ ውስጥ የተቆላ ለውዝ የመሰለ ጣዕም ተወላት። «ምን አለሽ?» የሚላት ሰው አልነበረም። ዞር ብላ ተዳፋቱን አየችና ለራሷ፣ ድምፅ አውጥታ፣ «ዛሬ» አለች።

ሳሎኑ ውስጥ ሃያ የሚሆን ሰው ተቀምጧል።

«ደርሷል» አለች በሩ ላይ ቆማ። «ዛሬ ካልተለቀመ ነገ ይዘንባል።»

«በለቅሶ ቤት ለቀማ?» አሉ አንዲት ጎረቤት።

ታላቅየው ተነሥቶ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቀለው። «ሳጥኖቹ የት ናቸው?»

ከዚያ እትዬ ተነሡ። ጥቁር ሻርፓቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩት፤ መቀስ ጠየቁ። እሳቸው ከተነሡ ወዲያ የተቀመጠ አልቀረም። ጥቁር የለበሰ ሰው ተዳፋቱን ሞላው። ገና ሳይጀምሩ ሹክሹክታ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ሰው ከመደዳ መደዳ እየተጠራራ፣ እማማ ቆዩ አንዴ አራት ሳምንት ሙሉ አስጠብቀው የማኅበሩን ሊቀ መንበር እንዴት እንዳስለቀሱት እያወራ ይስቅ ነበር።

«አባቴ ይህን ሐረግ ከእርሻ ትምህርት ቤት ገዝቶ ሲያመጣው» አለ ታላቅየው ሳጥን ተሸክሞ ሲያልፍ፣ «ይህን ሁሉ ይሆናል ብሎ አላሰበም።»

ምራቲቱ መቀሷን አወረደች።

«አልገዙትም፣ ጋሼ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ባለፈው ክረምት ቅርንጫፍ ስንከረክም ነገሩኝ። ‹ከእኔ በኋላ ለልጆቹ ንገሪያቸው› ብለውኛል። ሐረጉ የተሰረቀ ነው።»

አጠገባቸው ያሉት መቀሶች ሁሉ ቆሙ። እሷም ነገረቻቸው። እናታቸው በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከተራራው ወዲያ ባለች፣ ከዚህም በምትበርድ ከተማ የአንዲት ሀብታም ሴት ቤት ሠራተኛ ነበሩ። በግቢው የድንጋይ አጥር ላይ አንድ ያረጀ ወይን ይንጠላጠላል። ማን እንደተከለው የሚያውቅ የለም። ሴትዮዋ «ኮምጣጣ ነው፣ ለወፍ ተይው» ትላለች። አንድ ዓመት ወፎቹ የረሱትን ዘለላ፣ ውርጭ ሲጀምር፣ ልጅቷ ቀመሰችው። ኮምጣጣ አልነበረም። ለሦስት ዓመት ማንም ሳያያት እየጠበቀች ከዚያ በላች። ሳህን ሰበርሽ ተብላ የተባረረች ለት ልብሷን ስትሰበስብ ዘጠኝ ቁራጭ ከሐረጉ ቆረጠች፤ በረጠበ ሻሽ ጠቅልላ ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። ሁለት ቀን በእግሯ ሄደች። ሰባቱ ደረቁ። ሁለቱ በቀሉ።

«ይህ ኮረብታ በሙሉ ከሁለቱ ነው» አለች ምራቲቱ። «አባትህ፣ ሌባ እንዳይሏቸው፣ ከእርሻ ትምህርት ቤት ገዛሁ አሉ። ሲያወሩት ደስ ስለሚላቸው እናትህ ዝም አሉ።»

ታላቅየው ሳጥኑን አወረደ። «የሸጠለት ሰውዬስ? መነጽር ነበረው፣ አባቴ እኮ...»

«መነጽር የለውም።»

«ጢሙስ?»

«ጢምም የለውም፣ ጋሼ። ሰውዬውም የለም።»

ታላቅየው መደዳው መሃል መሬት ላይ ተቀመጠ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሰው ደንግጦ ተጠጋ፤ ይስቅ ነበር። እየሳቀ በክንዱ ዓይኑን ያብሳል። «በሁለት እንጨት» አለ። «ባረጀ አጥር ላይ ከተተወ፣ በሁለት እንጨት።» ተነሥቶ ሳጥኑን ተሸከመና ለሚያልፈው ሁሉ፣ ጮክ ብሎ፣ እንደ ዋንጫ የወሰደ ሰው፣ «እናቴ ናት ያመጣችው፤ ሰርቃ» እያለ ወደ ቤት ወረደ።

የመጨረሻው ሳጥን ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ሲገባ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወፋፍራም ጠብታዎች ቆርቆሮውን ሲመቱት ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ እትዬ ወደ ምራቲቱ ሄዱና የጭቃ እጃቸውን በሁለት ጉንጮቿ ላይ አድርገው ግንባሯን ሳሟት። ዝናቡ ቅዳሜን ሙሉ ወረደ፤ አንድም ዘለላ አላገኘም።

የለቅሶው ሰባተኛ ቀን እሑድ ነበር። ማታ የመጨረሻዎቹ እንግዶች ወጡ፤ ወንበሮቹም ወደየጎረቤቱ ተመለሱ። ምራቲቱ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። የእንጨት ገንዳው ውስጥ ዓርብ ማታ በእግር የተረገጠው ወይን ሁለት ቀን ሙሉ ድምፅ ሳያሰማ ተኝቷል፤ ብርዱ ይዞት ነው። ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጠፈች። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከሩቅ፣ ከታች፣ የሆነ ነገር ሽ... አለ። መፍላት ጀምሯል።

«ጋሼ» ብላ ተጣራች።

ወረደ፤ እሱም ጆሮውን ለጠፈ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ቀና ሲል ደረጃውን ወጣና፣ ከእናቱ አልጋ ላይ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ይዞ ተመለሰ። ሁለቱ በሁለት ወገን ይዘው ገንዳውን አለበሱት። እሷ የላዩን አስተካከለች፤ የታችኛው ጫፍ ከድንጋዩ ወለል ከፍ ብሎ ቀርቶ ነበር።

«ከሥርም ይሸፈን» አለች፤ «እንዳይበርዳቸው።»

የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። ታላቅየው አላረማትም። በጉልበቱ ተንበረከከና የብርድ ልብሱን ጫፍ፣ ዙሪያውን እየዞረ፣ ቀስ እያለ ከሥር ወሸቀው።