አየሁሽ ያረመችው ሰዓት

መምህርት አየሁሽ ስህተት አይታ ማለፍ አይሆንላትም። የሰርግ መጥሪያ ላይ የፊደል ግድፈት ካየች እንኳ ብዕር አውጥታ ሳታርም አትውልም። ትናንት ከትምህርት ቤት መልስ ጽሑፏን ልትጨርስ ስትቀመጥ የላፕቶፕ ኮምፒውተሯን ጥግ አየችና ደሟ ፈላ። ሰዓቱ አስራ አንድ ሆኖ ሳለ አምስት ይላል፤ ዓመቱንም 2025 ብሎታል። ሬዲዮ ከፍታ ሰዓቱን አስተካከለች፣ ዓመቱን 2018 አደረገች፣ ጽሑፏንም ቋጭታ ረክታ ተነሣች።

ጽሑፉ የዲግሪዋ ማሟያ ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ አራተኛ ክፍል እያስተማረች፣ ልጆች እያሳደገች፣ ስንት ክረምት በርቀት ትምህርት ተንከራታለች። የጻፈችው በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ተማሪዎች ለምን ከክፍል እንደሚጠፉ ነው። ይህን ደግሞ ከሷ በላይ ማን ያውቃል? ኮሌጁ ጽሑፍ መቀበሉን ዛሬ ያቆማል። ለባሏም ሳትነግር በሆዷ ወስናለች፤ ዘንድሮ ካልሆነ ትተወዋለች።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ገብታ ከቤት ይዛው የመጣችውን ኮምፒውተር ከፈተችው። ጽሑፉ የለም! አዲስ ሥራ ወትሮ በሚቀመጥበት፣ ከዝርዝሩ አናት ላይ፣ ያለፈው ሳምንት ረቂቅ ጉብ ብሏል። እሺ ረቂቁንም ቢሆን ልላከው ብላ ወደ ኮሌጁ ድረ ገጽ ልትገባ ስትል ደግሞ ገጹ አልከፈትም አላት። ሰዓትሽ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ደቀነባት።

«የማን ሰዓት ነው የቀረው? በሬዲዮ ነው ያስተካከልሁት!» ብላ ጮኸችበት። ዘጋችው፣ ከፈተችው፤ ያው ነው። እንባዋ መጣ።

የኮምፒውተር መምህሯ ማርያማዊት ሻይዋን ይዛ የገባችው ይሄኔ ነው።

«እትዬ አየሁሽ፣ ምን ሆኑብኝ?»

«አለቀልኝ ልጄ! ጽሑፌም ጠፋ፣ ገጹም አላስገባ አለኝ።»

ማርያማዊት ጎንበስ ብላ አየችና «ዓመቱን 2018 ያደረገው ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኛ! ተሳስቶ ነበር።»

ማርያማዊት ሻዩ እንዳይደፋባት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሳቀች። «እሱ እኮ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሠራ። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ሲመልሱት ገጹ ይሄ ጤነኛ አይደለም ብሎ ዘጋብዎ።»

ማርያማዊት ቅንብሩ ውስጥ ገብታ ቀኑንና ሰዓቱን ኮምፒውተሩ ራሱ ከኢንተርኔት እንዲወስድ አደረገችው። ከዚያ የፋይሎቹን ዝርዝር ወደ ታች ትስበው ጀመር። ኮምፒውተሩ መተማ ዮሐንስ ከተማ ከአንድ ነጋዴ የተገዛ አሮጌ ነውና ሰውየው ትቶት የሄደው የጭነት መኪና ፎቶ አያልቅም።

«አዲሱ ከላይ፣ የቆየው ከታች ነው የሚደረደር» አለች። «የትናንቱን የዛሬ ሰባት ዓመት የተጻፈ መስሎት ከሁሉም በታች ጥሎታል። ይኸውልዎ!»

ጽሑፉ ከመኪኖቹ ሁሉ ሥር ተቀምጧል። አየሁሽ ደረቷን ይዛ ሳቀች፤ በራሷ ላይ እንዲህ ስቃ አታውቅም። «እኔ ነኝ አራሚ! እንዲህ ልክ ያስገባኝ!»

ገጹ አሁን እሺ አለ። ስሟንና የይለፍ ቃሏን ጻፈች። ጽሑፉን አስገብታ ስትልክ የማርያማዊትን እጅ ጭምቅ አድርጋ ይዛ ነበር። ገጹ ትንሽ አሰበና ሥራዎን ተቀብለናል አላት፤ ከነሙሉ ስሟ።

ወዲያው እርሻ ላይ ላለው ለባሏ ለባየልኝ ደወለች።

«ተቀበሉኝ! ዛሬ ባይሆን ልተወው ነበር እኮ።»

«አውቄ ነበር» አለ ባየልኝ።

«ማን ነገረህ?»

«አንቺ ነሻ! ሰሞኑን ወጡ ጨው ሲበዛበት እንኳ ዝም ትይ ነበር። ፈርቼ ነው የከረምሁ።»

አየሁሽ ስልኩን እንደያዘች በረንዳ ወጥታ እልልታዋን አቀለጠችው። ግቢው ውስጥ ይራወጡ የነበሩት ልጆች ምን እንደተገኘ ሳያውቁ አብረዋት እልል አሉ፤ የእረፍቱ ማብቂያ ደወል ሲደወልም የሰማው የለም።