መሪው ላልቷል

የኸባብ ላንድክሩዘር ከአባቱ የወረሳት፣ ከራሱ ዕድሜ የምትበልጥ ባለ ሸራ መኪና ናት። መሪዋ ሲዞር ዝም ብላ አትታዘዝም። መጀመሪያ ታስባለች፣ ቀጥሎ ትመክራለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ጎማዋ የሚታጠፈው። ኸባብ ግን ይህንንም ጨዋታ አድርጎታል።

«መካነ ሰላም ላይ ያዞርኩትን መሪ ጎማው የሚሰማው ደጎሎ ስደርስ ነው» ይላል ሻይ ቤት ተቀምጦ። «አንድ ቀንማ ወርጄ ምሳዬን በልቼ ስመለስ ነው የታጠፈችው፣ ወላሂ!»

ሰው ይስቃል እንጂ አያምነውም። ኸባብ ዛሬ ጁሙዓ ነው ቢል እንኳ ሰሚው ስልኩን አውጥቶ ቀኑን ያያል።

ዘንድሮ ግን አንድ የምር ነገር መጣበት። ሩፋይዳ፣ የወግዲው የሀጂ አብዱልጀሊል ልጅ። እሷ ወዳዋለች፤ የቀረው አባትየው እሺ እንዲሉ ነው። ሐሙስ ሽማግሌ ሊላክ ተቆረጠ፤ የሽማግሌዎቹም መሪ ሸህ ሺፋ ሆኑ። ሀጂ አብዱልጀሊል በልጅነታቸው ቁርኣን ቀርተው የተማሩት እሳቸው ዘንድ ስለሆነ፣ ሸሁ የለመኑትን እምቢ የማለት አቅም የላቸውም። ሸህ ሺፋ ጉልበታቸውን ያማቸዋልና ሚኒባስ ውስጥ ታጥፈው መሄድ አይሆንላቸውም። በኸባብ መኪና፣ ፊት ወንበር ላይ፣ እግራቸውን ዘርግተው ሊሄዱ ነው።

ሸህ አሳፍሮ ያንን የወግዲ መንገድ ቁልቁለት በሚመክር መሪ መውረድ ለኸባብም ቀልድ አልመስል አለው። መኪናዋን ወስዶ አልታዬ ጋራዥ አስገባት። አልታዬ አብራው ያደገች፣ ደሴ ሙያ ተምራ የተመለሰች መካኒክ ናት፤ ጉራዋ ያለ ክሪክ መኪና ያነሳል። ገና ከመኪናዋ ሥር ገብታ ነካ ነካ እንዳደረገች ጮኸች።

«የመሪው ዘንግ ከታች የሚያያዝበት ተበልቶ አልቋል! ኩሽኔታውማ ዱቄት ሆኗል። እስከ ዛሬ በምን ነበር የምትነዳት?»

«በዱዓ።»

«የእናትህ ዱዓ ይሆናል። ያንተማ ከጣራ አያልፍም።»

«አልቱዬ፣ ብየዳ ነካ አድርጊልኝና ልሂድ።»

አልታዬ ከመኪናዋ ሥር ወጥታ ቀጥ ብላ ቆመች። «መሪ አይበየድም! የተበየደ ዘንግ ሲያማልልህ ይከርምና ቁልቁለት መሀል ቀጭ ይላል። ያኔ መሪህን ታቅፈህ ገደል ትገባለህ። ዕቃው ከደሴ ይመጣል። አይሆንም ካልክ በሩ ያው።»

ኸባብ በሩን አየት አድርጎ «እሺ፣ ይምጣ» አለ። ከዚያ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ደውሎ እውነቱን ተናገረ። የደወለው ለሩፋይዳ ወንድም ለሁዜይፋ ነው። ኔትወርኩ ግማሹን ይውጣል፣ ኸባብ ደግሞ ይጮሃል።

«መሪው! መሪው ላልቷል! አርጅቷል እኮ! ነቅለን አዲስ እናስገባለን! ከደሴ ነው የሚመጣው! ቅዳሜ እንመጣለን!»

መኪና የምትለዋን ቃል ኔትወርኩ በልቷት ኖሮ፣ ሁዜይፋ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለአባቱ አደረሰ። ሀጂ አብዱልጀሊልም በንዴት ሸህ ሺፋ ዘንድ ደወሉ።

«ሸህዬ! ያ ልጅ የሽማግሌዎቹ መሪ ላሉ፣ አረጁ ብሎዎታል! ነቅሎዎት ከደሴ ሌላ ሊያስመጣ ነው! እርስዎን የናቀ ልጅ ደጄን አይረግጥም!»

ሸህ ሺፋ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ጋራዡ ድረስ መጡ። የባትሪው ገመድ ተነቅሏል። ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ቆመው ከፊትም ከኋላም ታኮ ተደርጎላቸዋል። አልታዬ ሲመለስ እንዳይዛነፍ በመሪውና በዘንጉ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጋ፣ ዳዶውን አላልታለች። ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተው ይታገላሉ።

«ኧረ ይኼ ሽማግሌ አልነቀል አለ!» አለ ኸባብ። «በመዶሻ አናቱን ልበለው?»

«አናቱን እንዳትነካ! ውስጡን ትሰብረዋለህ» አለች አልታዬ። «ቀስ ተብሎ፣ በክብር ነው የሚነቀለው። መንቀያውን አቀብለኝ።»

«ስንነቅለውስ የት እንጥለው?»

«የተበላውን ለቆራሌው ስጠው።»

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ ሸህ ሺፋ። «ቆራሌው በምን ሊሸከመኝ ነው?»

ኸባብ ደንግጦ ሲነሳ አናቱ ከሸራው ብረት ጋር ተላተመ። ነገሩን ሲያስረዳ ምላሱ ተሳሰረ፤ ለውሸት የሚፈጥን ምላስ ለእውነት አልታዘዝ አለው። አልታዬ ግን መንቀያዋን አጠበቀች፤ መሪው ቋ ብሎ ወጣ። ወስዳ ሸሁ እጅ ላይ አኖረችው።

«ሸህዬ፣ ያረጀው መሪ ይኸውልዎ።»

ሸህ ሺፋ መሪውን አዩት፤ ኸባብን አዩት። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቁ እንባ በእንባ አደረጋቸው። «አንተ ልጅ፣ እውነት ስትናገርም ውሸት ይሆንብሃል?»

ወዲያው ወግዲ ደወሉ። ሀጂ አብዱልጀሊል ግን አላመኑም። «ሸህዬ፣ ለልጁ አዝነው ሊሸፍኑለት ነው። አውቅዎታለሁ» ብለው ዘጉት።

«አብሽር፣ አይዞህ» አሉ ሸሁ የኸባብን ፊት አይተው። «ሄደን እናሳያቸዋለን።»

ዕቃው፣ አዲሱ የዘንጉ መያያዣና ኩሽኔታ፣ መጣ። አልታዬ ምልክቱን ከምልክቱ ገጠመች፤ አሮጌውን ዳዶ አልመልስም ብላ አዲስ አሰረች። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስታ፣ ከሥር ድጋፍ አድርጋ፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዞረችው። ኸባብ አሁኑኑ እንውጣ ቢል እሺ አላለችም። ባዶው የገበያ ሜዳ ላይ ለብቻው፣ በዝግታ፣ ግራና ቀኝ አስነዳችውና ተመልሶ ሲመጣ እያንዳንዱን ቡሎን እንደገና ፈተሸች። ሸህ ሺፋም «እሷ ይሁን ሳትል አልሳፈርም» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ።

«ይሁን» አለች በመጨረሻ። «አሁን ገና ስታዞራት ትሰማሃለች።»

ቅዳሜ ወግዲ ገቡ። ሀጂ አብዱልጀሊል ግንባራቸውን ቋጥረው በር ላይ ቆመዋል። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ሳይቀመጡ ቆሙ፤ ኸባብ መኪናዋ ዘንድ ቀርቶ ጥፍሩን ይበላል። ሸህ ሺፋ ከጋቢያቸው ሥር የተበላውን ብረት አውጥተው ለሀጂ ሰጧቸው።

«ላላ የተባለው ይኼ ነው። ከቆራሌው ተርፎ ነው የመጣው።»

ሀጂ ብረቱን ነቀነቁት። ቀጭ ቀጭ አለ። አገላብጠው አዩት፤ የመጡበትንም ቁልቁለት ቀና ብለው አዩ።

«በዚህ ሊያመጣዎት ይችል ነበር?»

«ይችል ነበር። ነገር ግን ልጅዎን የሚያሳጣው ቢመስለውም ቀኑን ገፋ እንጂ በዚህ አላሳፈረኝም።»

ሀጂ አብዱልጀሊል ሳቃቸውን ሊይዙት ታገሉ፤ አልቻሉም። «እኔስ በሐሳቤ፣ ሸህዬ፣ ከነሕይወትዎ ለቆራሌው ሰጥቼዎት ነበር!» አሉ። «ግቡ፣ ተቀመጡ። ቀጠሮም አልሰጥም፤ ልጅቷ የእናንተ ናት።»

ሳይጨርሱ ከጓዳ እልልታ ቀለጠ። ቀጭን፣ የቸኮለ፣ ደጅ ድረስ የሚሰማ። ኸባብ የሩፋይዳን ድምፅ ለየው፤ ሽማግሌዎቹም ገባቸው። ወዲያው የእናትየው ድምፅ ተከተለ።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ለራስሽ?»

እልልታው ግን አላቆመም።