ኮቴው ደጅ ሳይደርስ

ወረታ ውስጥ ሰጠኝ የሚባለውን ልጅ ሥራ በቅጡ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አንዱ የሙዚቃ አስተማሪ ነው ይላል፤ ሌላው ኦርጋን ይመታል ይላል፤ የአባቱ ታላቅ ወንድም አያ ካሴ ደግሞ «ያ የፈረንጅ እንጉርጉሮ የሚጽፈው ልጅ» ይሉታል። ለእውነቱ የቀረቡት አያ ካሴ ናቸው። ሰጠኝ አዲስ አበባ ፒያኖ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ አመል ነው፤ ጥሩ ግጥም ሲያገኝ ለአንድ ዘፋኝና ለፒያኖ ዜማ ያበጅለታል። የጀርመን አገር የሙዚቃ ደራሲዎች ድሮ እንዲህ ያደርጉ እንደነበር አስተማሪው ያስደመጠው ቀን ነው የተለከፈው። ዘፋኙ ግጥሙን ይላል፤ ፒያኖው ግን አጃቢ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ዘፋኙ በሆዱ የያዘውን ያወጣበታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሰጠኝ ሞኝም ነበር፣ ወረቀትም ነበረው።

የጻፋቸው ዘፈኖች መሳቢያ ውስጥ ተኝተው ቀሩ። ኪቦርዱን ተሸክሞ ሰርግ ሲጠራ ሰው የሚፈልገው ትከሻ የሚያስነቀንቅ ነው። አንድ ጊዜ ከራሱ ዘፈኖች አንዱን በመሀል ሹልክ አድርጎ ቢያስገባ የሙሽራው አባት መጥተው «ልጄ፣ ደክሞህ ከሆነ እረፍ» አሉት። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ተመኘ፤ ከሥራዎቹ አንዱ እንኳ በአገሩ፣ በሰው ፊት፣ እስከ መጨረሻው ድረስ እንዲሰማለት። ለዚህ ምኞት ሲል የማያደርገው ነገር እንደሌለ ግን ገና አያውቅም ነበር።

አክስቱ እትዬ ይታይሽ ከወረታ እስከ ይፋግ ሰው ሲሞት የሚጠሩ አልቃሽ ናቸው። እሳቸው የደረሱበት ለቅሶ ላይ ደረቅ ዓይን አይገኝም። ለአንዱ ሟች ያሉትን ግጥም ደግሞ ለሌላው አይደግሙም፤ «የአንዱን ከፈን ገፍፌ ለሌላው ላልብስ?» ይላሉ። የገዛ ልጃቸው ገበያው በመተማ ወጥቶ፣ ሱዳንን አቋርጦ፣ ሊቢያ ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ሲደውል የሚደውለው በሰጠኝ ስልክ ነበር። ስለዚህ የሰጠኝ ስልክ በጮኸ ቁጥር እትዬ ይታይሽ የያዙትን ይተዉና ቀና ብለው «ማነው?» ይላሉ። ባሕሩ አጠገብ ደርሻለሁ ብሎ ከደወለ በኋላ ግን ገበያው ድምፁ ጠፋ።

ነገሩ የተጀመረው ነሐሴ ላይ ነው። ሰጠኝ ሊጠይቃቸው ሄዶ ሩዝ ማሳ ውስጥ አገኛቸው። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ጎንበስ ብለው አረም ይነቅላሉ፤ ሰው መኖሩን ሳያውቁ ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ።

ርብም ጎደለልህ፣ መንገዱም ደረቀ፣
ምን አገር ቢሆን ነው እንዲህ እየራቀ።

የርብ ወንዝማ ሞልቶ ሜዳውን ተኝቶበታል። የእናት ግጥም ወሩን አይጠብቅም። ሰጠኝ ድንበሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እሳቸውም ቀጠሉ።

ከብቱ ቤቱን ያውቃል፣ ሲመሽ ይመለሳል፣
የኔን ልጅ ምን ነካው፣ ሰው ደጁን ይረሳል?

ራትህን ከድኜ፣ በሩንም ሳልዘጋ፣
ኮቴህን ሳዳምጥ ስንቱ ሌሊት ነጋ።

«እትዬ፣ ይህን ለኔ ይስጡኝ» አላቸው።

ደንገጥ ብለው ዞሩና ሳቁ። «ምን ሊያደርግልህ?»

«ዜማ ላበጅለት።»

«ዜማማ አለው። አልሰማህም እንዴ? ወይስ የኔ ጉሮሮ ላንተ ጆሮ አልመጥን አለ?»

«ሌላ ዜማ። ሰው የሚዘፍነው፣ በስልክ የሚለቀቅ።»

እትዬ ይታይሽ በእጃቸው የያዙትን አረም ሳይጥሉ ቆሙ። «በስልክ ከተለቀቀ ያለበት አገር ይደርሳል?»

«ይደርሳል። ባሕር አያግደውም።»

«እንኪያስ ውሰደው» አሉ። «ሰምቶ ሊመጣ ይችላል። ግን ስማኝ ልጄ፣ ሙሾ እንዳታደርግብኝ። ሙሾን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ይሄ ሙሾ አይደለም። ልጄ በሕይወት አለ።»

«አላደርገውም» አለ ሰጠኝ። ሲናገር ከልቡ ነበር፤ ይህ ይመዝገብለት።

እስከ ኅዳር ድረስ ሠራው። ከሁሉ የወደደው ለፒያኖው ግራ እጅ ያወጣለትን ነገር ነው። ዘፋኟ ስትጀምር ታች በወፍራሙ ድምፅ የሰው እርምጃ ይሰማል፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያለ ከሩቅ ይመጣል። እናትየው ስትጣራ ኮቴው ይቀርባል። ቃሉ ሲያልቅ ፒያኖው ብቻውን ይቀራል፤ ኮቴውም እየፈጠነ መጥቶ ደጃፉ ላይ ይደርስና ዜማው እፎይ ብሎ ያርፋል። ያማረ ነበር። ትንሽ ግን እንደ ሰርግ ዘፈን ይጣፍጥ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሰጠኝ ሊገባው አልቻለም።

ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን ስልኩ ጮኸ። የማያውቀው ልጅ ነው፤ ድምፁ ይቆራረጣል። ከገበያው ጋር አንድ ጀልባ ላይ ነበርን አለ። እኔን አወጡኝ አለ። እሱ ሲሰጥም በዓይኔ አይቻለሁ፣ ለእናቱ ንገሩልኝ ብሎ ዘጋ።

ሰጠኝ እያለቀሰ ወደ አያ ካሴ ሄደ፤ የእትዬ ይታይሽ ታላቅ ወንድም ናቸውና መርዶውን ማርዳት የሳቸው ነው። አያ ካሴ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «እህል ሜዳ ላይ እያለ መርዶ አይነገርም» አሉ። «አጭዳ፣ ወቅታ ታስገባ። ከዚያ ዘመድ ሰብስበን ንጋት ላይ እንነግራታለን። እስከዚያ አፍህን ያዝ።» ዘመዱም ጎረቤቱም ቀስ በቀስ ሰማ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ያልሰሙት እትዬ ይታይሽ ብቻ ሆኑ። መንደሩ ሁሉ እሳቸው ሲመጡ ወሬ ይቀይራል።

ሰጠኝ በዚያው ሳምንት ዘፈኑን አውጥቶ መጨረሻውን ሰረዘው። ኮቴው ደጅ እንዲደርስ ማድረግ አልቻለም፤ እጁ እንቢ አለው። አዲሱ መጨረሻ ላይ ቃሉ ካለቀ በኋላ ኮቴው ይመጣል፣ ይቀርባል፣ ደጅ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይዘገያል፤ አንዴ ይረግጣል፣ ቆይቶ አንዴ ይረግጣል፤ ከዚያ የለም። ተጫውቶ ሲጨርስ ዘፈኑ አሁን ገና ዘፈን እንደሆነ አወቀ። የአክስቱ ልጅ በመሞቱ ሥራው አማረለት። በዚህ አፈረ፤ ደስም አለው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ሩዙ ተወቅቶ ገባ። አያ ካሴም «እንግዲህ ጊዜው ነው» አሉ። በዚሁ ጊዜ ነው ከተማው አዳራሽ ውስጥ የኪነ ጥበብ ዝግጅት ጥር መጨረሻ ላይ እንዳለ፣ ከባሕር ዳር እንግዶች እንደሚመጡ፣ የሰጠኝ ዘፈንም መርሐ ግብሩ ውስጥ እንደገባ የተነገረው። መርዶው ከተነገረ ዘፈን የለም። ሐዘንተኛ እናት ግጥሟን ለመድረክ አትሰጥም፤ ዘመዱም በለቅሶ ወቅት ኪቦርድ ሲነካ ቢያየው አያናግረውም። ሰጠኝ ይህን ሁሉ አሰበና ለአያ ካሴ ሌላውን ተናገረ።

«አያ፣ ገና ደርሷል፣ ጥምቀት ደርሷል። በዓሉን እንኳ ደስ ብሏቸው ይዋሉ። ጥር ይውጣ።»

አያ ካሴ አተኩረው አዩት። «ለሷ አዝነህ ነው?»

«ለሳቸው ነው» አለ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ ቀላል ሆነለት። ታኅሣሥ ላይ የመጨረሻው ስንኝ ዜማ ከአዲሱ መጨረሻ ጋር አልገጥም ሲለው እትዬ ይታይሽ ቤት ሄዶ «እስቲ ያቺን የበሩን ይድገሙልኝ» አላቸው። እሳቸውም ሽምብራ ቆልተው ሰጡትና ደገሙለት፤ አንድ ጊዜ አልበቃውም፣ ደጋግመው አሉለት። መሀል ላይ ስልኩ ጮኸ። ቀና አሉ። «ማነው?»

«አስተማሪ ጓደኛዬ ነው።»

«ገበያውስ አልደወለም በል?»

«አልደወለም» አለ ሰጠኝ፣ ሽምብራውን እያኘከ።

በዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። እትዬ ይታይሽ ያመት በዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጥለቱ ያማረ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎረቤት ሴቶች ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አያ ካሴም ኋላ ተቀምጠዋል። ሰው ከሚያስጨፍሩት ጨዋታዎች በኋላ ሰጠኝ ኪቦርዱ ጋ ቀረበ፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ሊድያ፣ ድምፀ መልካሟ፣ አጠገቡ ቆመች። የዘፈኑ ቃል የእትዬ ይታይሽ መሆኑ ሲነገር ተጨበጨበላቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ አሉ።

ኮቴው ከሩቅ ጀመረ። ሊድያ ርብ ጎደለልህ ስትል እትዬ ይታይሽ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረው ይሉ ነበር። ከብቱ ቤቱን ያውቃል ስትል ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮቴውን ለይተው አውቀውታል፤ ፊታቸው እንደ በር ተከፍቷል። ሰጠኝ አየ። አቁም አለው ልቡ፤ ቃሉ ሲያልቅ እጅህን አንሳ፣ ማንም አያውቅብህም። ሊድያ ስንቱ ሌሊት ነጋ ብላ ዝም አለች። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ኖሮ ኖሮ እንዲህ ሰምተውት አያውቁም። እጁን አላነሳም።

ኮቴው መጣ። ቀረበ። እትዬ ይታይሽ ከወንበራቸው ፈቀቅ ብለው ጠበቁ። ዘገየ። አንዴ ረገጠ፤ ቆይቶ አንዴ ረገጠ፤ ከዚያ የለም።

እትዬ ይታይሽ ትንሽ ቆዩ፣ ይቀጥል እንደሆነ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው ወንድማቸውን ፈለጉ። አያ ካሴ ዓይናቸውን ሰበሩ። ጎረቤቶቻቸውን ተራ በተራ አዩ፤ አንዲቷም ቀና አላለች። እትዬ ይታይሽ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን እንደ ሐዘንተኛ ወደ ላይ አድርገው ለበሱት። አጠገባቸው ያለችው አዘቀዘቀች፤ ቀጥሎ ያለችውም፤ ረድፉ ሁሉ አንድም ቃል ሳይወጣው አዘቀዘቀ። የባሕር ዳር እንግዶች ይህ የዝግጅቱ አካል መሰላቸው። ቆመው አጨበጨቡ፤ ሌላውም ተከትሎ ቆመ።

ሰጠኝ በጭብጨባው መሀል ወደ አክስቱ ወረደ።

«መቼ ነው?» አሉት።

«ኅዳር ላይ።»

«ታኅሣሥ ላይ ይድገሙልኝ ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

አዎ እንደ ማለት ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ለሚመጣ ሰው ነበር የደገምሁልህ» አሉ።

በማግሥቱ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተከለ። አገር መጣ፤ ከአንበሳሜ እንኳ ሰው መጣ፤ ለሰው ልጅ ሁሉ ሲያለቅሱ የኖሩት አልቃሽ ለገዛ ልጃቸው ምን እንደሚሉ ሊሰማ ጓጉቷል ቢባል ሐሜት አይሆንም። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ቆይተው ዝም አሉላቸው። እትዬ ይታይሽ ግን ምንም አላሉም። «ምነው እትዬ፣ ለገበያው?» አለች አንዷ ቀስ ብላ።

«የሱን ብያለሁ» አሉ። «ከተማ ላይ ተጨብጭቦልኛል። የተባለ አይደገምም።»

ሌላ ሴት ጀመረች፤ የሳቸውን ያህል አልሆነላትም። ገበያው የራሱ ግጥም ሳይኖረው ተለቀሰለት። ሬሳም አልነበረውም፣ ቃልም አልቀረለትም፤ ሰጠኝ ድንኳኑ ጥግ ቆሞ ይህንን አሰበ። ማንም አልሰደበውም። አያ ካሴም አጠገቡ አልቆሙም።

ስልኩ ጮኸ። ከባሕር ዳሮቹ እንግዶች አንዱ ነው፤ ዘፈኑን እናስቀርጸው፣ በተለይ ያ መጨረሻው ልብ ይነካል፣ እናትየዋም ይምጡ ይላል። ሰውየው ቃሉን ሳይጨርስ ሰጠኝ ዘጋው። ዘወር ሲል እትዬ ይታይሽ ከተቀመጡበት ቀና ብለው፣ በእጃቸው ምድር ተደግፈው፣ እንደ ወትሮው ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

«ማነው?» አሉ።

«ማንም አይደለም፣ እትዬ።»

ያኔ ትዝ አላቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።