የአክስቴ ሻንጣ

እናቴ የላከችኝ አክስቴን ይዤ እንድመጣ ነው።

«ባሏ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። እንግዳ በማይመጣበት ወር እዚያ ባዶ ፔንሲዮን ውስጥ ምን ትሠራለች? ከግድግዳ ጋር ልታወራ ነው? ለምነሽም አልቅሰሽም አምጫት» አለችኝ።

እኔ ልመና አይሆንልኝም። ሰው ቤት ውሃ ቢጠማኝ እንኳ እስኪጠይቁኝ ነው የምጠብቀው። ሆኖም ያችን የሐይቅ ዳር ከተማ ያለ ቱሪስት አይቻት ስለማላውቅ፣ እንዴት ያለች ትሆን እያልኩ ሄድኩ።

ከአውቶቡስ የወረድኩት እኔ ብቻ ነኝ። በሌላ ጊዜ ሰው ከሰው የሚጋፋበት መንገድ መሐል ውሻ ተጋድሟል። የፖስት ካርድ መደርደሪያው በላስቲክ ተጠቅልሏል። ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ተደፍተው ቀለም ይጠብቃሉ።

አይስክሬም ቤቱ በር ላይ ግን አንድ ቱሪስት አየሁ። የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይቆጣል።

«የወንበራችሁ ሚስማር ወጥቷል! ሱሪዬን ቀደደው!»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ አሁኑኑ ይስተካከላል» ትላለች የቤቱ ባለቤት አንገቷን ደፍታ። ሰውዬው ዘወር ሲል አፏን በመዳፏ አፍና ስትስቅ አየኋት። ካሜራው ደግሞ ሌንስ የለውም።

አክስቴን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት፤ ደህናውን ካፖርቷን ለብሳ፣ ሻንጣ ይዛ።

«ውይ የኔ እናት! በደህና ነው? ልወጣ ስል ደረስሽ!»

ደስታዬን አልቻልኩትም። በረንዳ ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩ። «ሳልለምናት ጠቅልላለች።»

«እሰይ! ድሮስ የእናቴ ልጅ አይደለች? በይ አልጋዋን ላንጥፍ» ብላ ዘጋችው።

ተመልሼ ሻንጣውን ልሸከምላት አነሣሁት። ባዶ ነው።

«ልብስሽስ፣ አክስቴ?»

«የምን ልብስ? ከሦስት ቁጥር ወደ አራት ቁጥር ለመዛወር?» አለችና ሄዳ የሚቀጥለው ክፍል በር ላይ ቆመች። «ምን ትገተሪያለሽ? እንግዳ መጥቶብሻል እኮ፤ ቁልፍ ስጪኝ እንጂ!»

ግራ መጋባቴን ስታይ ሻይ አፍልታ አስቀመጠችኝ።

«እውነተኛ እንግዳ ያልጣመውን ፊት ለፊት አይነግርሽም፤ አመስግኖ ይሄድና አይመለስም። ጎረቤት ደግሞ ይሉኝታ አለው። ስለዚህ ከተማው ጭር ሲል ተራ በተራ እርስ በርስ እንግዳ እንሆናለን። ባርኔጣ የደፋ፣ ሻንጣ የያዘ ሰው ይሉኝታውን ቤቱ ትቶ ነው የሚመጣው። ያየውን እንከን ይናገራል፣ እኛም እንጠግናለን።»

«አንቺ ታዲያ በገዛ ቤትሽ?»

ሳትመልስልኝ ያ ባለ ባርኔጣ ገባ። ጀልባ ነጂ ነው፤ አራት ሰው ብቻ የምትጭን ጀልባ ስላለችው ከተማው «ካፒቴን» ይለዋል። አክስቴ ሻይ ቀዳችለት።

«እህ፣ እንግዳው? ሻያችን እንዴት ነው?»

እኔም ጠጥቼዋለሁ። ቀዝቅዟል፤ ስኳር የሚባል አልጎበኘውም። ካፒቴኑ አንዴ ፉት አለና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ማር ነው፣ እህቴ። ማር!» አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

እሱ ሲወጣ አክስቴ ብርጭቆውን አነሣች።

«ያቀዘቀዝኩትም፣ ስኳሩን የነፈግኩትም ሆን ብዬ ነው» አለች። «ከለቅሶው ወዲህ ለሰው ሁሉ ነገሬ ማር ነው። የሚቆጣኝ ጠፋ። ለዚህ ነው ራሴን እንግዳ ያደረግኩት፤ ግን ሰው የራሱን ጉድፍ መቼ ያያል? ዛሬ አራት ቁጥር አንቺ ግቢበት። አንቺም ማር ነው ካልሽኝ፣ በሩን ዘግቼ እናትሽ ዘንድ መሄዴ ነው። ቤት በሐዘኔታ አይቆምም።»

ሻንጣውን አስታቀፈችኝ። «ጥሩ ነው» ብዬ ዝም ብል ሁሉም ነገር ያበቃል፤ እናቴም የፈለገችውን አገኘች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ «ጥሩ ነው» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ጠዋት እጆቿን አጣምራ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«እንዴት አደሩ፣ እመቤቴ? ክፍሉ ተመቸዎት?»

የሻንጣውን እጀታ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«መስኮቱ ሲያፏጭ አደረ» አልኩ። «ትራሱ ይጎረብጣል። መስታወቱ ደግሞ ግንባሬን ብቻ ነው የሚያሳየኝ፤ እሱንም ተንጠራርቼ።»

ፊቷ ተለዋወጠ። መስታወቱን የሰቀለው ባሏ መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሳቋ ኮሪደሩን ሞላው።

«ያ ቀውላላ! በራሱ ቁመት ለክቶ! ቅር እንዳይለው ብዬ ስንት ዓመት በግንባሬ ብቻ ኖርኩ!»

መዶሻ አመጣች። እኔ መስታወቱን ስይዝ እሷ ሚስማሩን ዝቅ አድርጋ መታችው። ሁለታችንም እስከ አገጫችን ታየን። ፀጉሯን አስተካከለችና በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«ካፒቴን! አንተ ቀጣፊ! ባርኔጣህን ደፍተህ ና፤ ዛሬ ሳትቆጣኝ አትወጣም!»

አውቶቡስ ስሳፈር ባዶውን ሻንጣ ሰጠችኝ።

እናቴ በር ላይ ነበረች። በትከሻዬ አሻግራ አየች።

«እትዬስ?»

«አልመጣችም። ሻንጣውን የላከችው አንቺ ይዘሽው እንድትሄጂ ነው። ‹ከእናትሽ የበለጠ ነቃፊ አልተፈጠረም፣ አምስት ቁጥር ይጠብቃታል› ብላኛለች።»

«ወይ ጉድ! እኔ ነኝ ነቃፊ?» ሻንጣውን ነጥቃኝ ከፈተችው፣ አገላበጠችው። «ዚፑ እንኳ በወጉ አይዘጋም።»

ሻንጣውን አቅፋ ወደ ቤት ገባች።

«አምስት ቁጥር ግን ሙቅ ውሃ አለው?»